ሲሻልህ እመጣለሁ

መቱ ውስጥ ሰይፈን የሚያውቁ ሁሉ ስለ እሱ የሚሉት አንድ ነው፦ እምቢ አያውቅም። ከመቱ ቡሬ በሚመላለሰው ሚኒባሱ የአሮጊት ጆንያ በነፃ ይጭናል። የጎረቤት ቆርቆሮ በንፋስ ሲገነጠል መሰላል ተሸክሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ይተክላል፣ ይነቅላል፣ ሳይቀመጥ ወደ ሥራው ይሄዳል። ሰው ይህን ደግነት ይለዋል።

ሚስቱ ኢብሴ ግን ደግነቱ እየከበዳት መጥቶ ነበር። ባሏ በገዛ ቤቱ እንደ እንግዳ ነው የሚኖረው። ከእሷ ቀድሞ ይነሳል፣ ውሃ ይቀዳል፣ ጫማዋን ሳይቀር ይጠርጋል። ጋደም ባለበት ድንገት ከገባች፣ ጥበቃ ላይ ተኝቶ እንደተያዘ ዘበኛ ተፈናጥሮ ይነሳል። አንድ ቀን ትዕግስቷ አለቀና "ምን አጠፋህ? ቤትህ አይደለም እንዴ!" ብላ ጮኸችበት። እሱ ይቅርታ ጠየቃት። ይቅርታው ይበልጥ አናደዳት።

ካረገዘች ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ሆዷ እየገፋ ሲመጣ እሱ እየከሳ ሄደ። የሕፃን አልጋ በራሱ እጅ ሠራ፣ ግድግዳውን ቀባ፣ የጓሮውን አጥር አዲስ አደረገ። "ደስ አላለህም?" ስትለው "በጣም ደስ ብሎኛል እንጂ" ይላል። ፊቱ ግን ክስ ተመሥርቶበት ፍርድ የሚጠብቅ ሰው ፊት ነው።

ምክንያቱን አልነገራትም። ለራሱም ቢሆን በቃል አውጥቶ ነግሮት አያውቅም።

ሰይፈ የተወለደው ኡካ አጠገብ ካለ የሰፈራ መንደር ነው። ወላጆቹ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ መጥተው እዚያ ከሰፈሩት ነበሩ። አባቱ በወባ ሲሞቱ እናቱ ሙላቷ ልጆች ታቅፈው ቀሩ። በዚያን ጊዜ ጋሼ ያደታ የሚባሉ የመቱ ነጋዴ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘውደነሽ ጋር ቡና ሊገዙ ወደ መንደሩ ይመጡ ነበር። ልጅ አልነበራቸውም። ሰይፈ የጭነት መኪናውን ጎማ እየዞረ ሲያይ፣ ሲጠይቅ፣ ሲስቅ ወደዱት። "ስጡን፣ እንደ ልጃችን እናሳድገው፣ እናስተምረው" አሉ። እናቱ ሰጡ። ስድስት ዓመቱ ነበር።

መቱ የራሱ አልጋ አገኘ። ቡናማ ሹራብ ተገዛለት። አፋን ኦሮሞ ለመደ፣ ትምህርት ቤት ገባ፣ እትዬ ዘውደነሽን "እማዬ" ማለት ጀመረ። ማታ ማታ የሱቁን በር አብረው ሲዘጉ የቁልፉን ዘለላ የሚይዘው እሱ ነበር። ከዚያ ማንም ሳይጠብቅ እትዬ ዘውደነሽ ወለዱ። ሕፃኗ ትህትና ተባለች። ገና አራስ ሳሉ ሰይፈን ኩፍኝ ያዘው።

ጋሼ ያደታ ወደ እናቱ ሊመልሱት በብርድ ልብስ ጠቅልለው የጭነት መኪናው ላይ አወጡት። እትዬ ዘውደነሽ ከበሩ ሳያልፉ፣ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ ይዘው "ሲሻልህ እመጣለሁ" አሉት።

ተሻለው። የመንደሩ መግቢያ ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ መኪና የሚጠብቅበት ቦታ ለራሱ አበጀ። የጭነት መኪና ድምፅ በሰማ ቁጥር ይነሳል። አልመጡም። በእናቱ ቤት መደብ ላይ የድሮ ቦታውን ታናሽ ወንድሙ ይዞት ነበር፤ እግርጌ ተኛ። እናቱ ክፉ አልተናገሩትም። ግን በቆሎ ሲያካፍሉ እሱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ለቅጽበት ቆም ይል ነበር። ልጅ ይህን ያያል። ሰይፈ በዚያ ዕድሜው አንድ ሕግ ለራሱ አወጣ፦ የታመመ ልጅ ይመለሳል፤ የሚጠቅም ልጅ ይቀራል።

አድጎ ወደ መቱ ሲመለስ፣ መኪና ማጠብ፣ ረዳትነት፣ በኋላም መንጃ ፈቃድ ሲያገኝ፣ ያ ሕግ አብሮት ነበር። የእትዬ ዘውደነሽ ሱቅ በመንገዱ ላይ ነው። ባለፈ ቁጥር ወርዶ ሰላም ይላቸዋል፣ ጋሼ ያደታ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ ዕቃቸውን ይጭንላቸዋል። ኢብሴ የምታውቀው "ልጅ ሆኜ ትንሽ ጊዜ ያኖሩኝ ሰዎች" ሲል የሰማችውን ብቻ ነበር።

በግንቦት መጨረሻ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሰይፈ እምብርቱ ዙሪያ ሕመም ተሰማው። ቁርሱን ሳይነካ ተነሳ።

"ማል ታቴ?" አለችው ኢብሴ። "ምን ሆነህ ነው? ፊትህ አመድ መስሏል።"

"ምንም አልሆንኩም። ትናንት የበላሁት ነው።"

"አሞህ ከሆነ ዛሬ አትውጣ።"

"አላመመኝም አልኩሽ እኮ!" አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። ወዲያው ደነገጠና የምግቡን ሳህን አንስቶ ማጠብ ጀመረ።

ቡሬ እስኪደርስ ሕመሙ ወደ ቀኝ ጎኑ ወርዶ እዚያው ተተከለ። ረዳቱ ጎንፋ ከእሱ በዕድሜ የሚበልጥ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን ዝም ብሎ ያየው ነበር። መናኸሪያው ጥግ ላይ ሰይፈ አጎንብሶ ሲያስመልስ ደረሰበት።

"እዚህ ጤና ጣቢያ አለ። እንሂድ" አለው።

"ተሳፋሪ ሞልቷል።"

"ተሳፋሪው ሌላ መኪና ያገኛል። አንተ ሌላ ሆድ አታገኝም።"

"ጎንፋ፣ በናትህ ለማንም እንዳትናገር" አለ ሰይፈ አፉን እየጠረገ። ጎንፋን ይህ ልመና ገረመው። ሌላ ሰው እንዲህ የሚለምነው ሰርቆ ሲያዝ ነው።

ዝናብ መጣል ጀመረ። ሚኒባሱ ሞልቶ ከቡሬ ወጣ። ከሾፌሩ ኋላ ሕፃን ያዘለች ሴት ነበረች፤ ሕፃኑ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። ሰይፈ መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ በእያንዳንዱ ጉድጓድ ጥርሱን እየነከሰ ነዳ። ቀኝ እግሩን ወደ ፍሬን ባነሳ ቁጥር ጎኑ በቢላ የተወጋ ያህል ይሰማዋል። ጎንፋ ከበሩ አጠገብ ሆኖ በመስታወቱ ውስጥ ግንባሩ ላይ የሚወርደውን ላብ ያያል። "አቁም" ይለዋል በምልክት። ሰይፈ ራሱን ይነቀንቃል።

ጎሬ ሊደርሱ ሲሉ ሕመሙ ድንገት ጠፋ። ልክ ገመድ እንደተፈታለት ሰው ትከሻው ወረደ።

"አየህ?" አለ ወደ ጎንፋ ዞሮ፤ ፈገግ አለ ጭራሽ። "አለፈ። አላልኩህም?"

ጎንፋ አላመነም። ጎሬ ላይ ሁለት ሰው ወርዶ ሁለት ሰው ተሳፈረ። ከዚያ በኋላ ሰይፈን ብርድ ያዘው። መንገዱ በጉም ተሸፍኖ ነበር፤ ቁልቁለቱ ላይ ያለው ጥምዝ ከመድረሱ በፊት ዓይኑ ለአፍታ ጨለመበት። ሲገልጠው የጭነት መኪና መብራት ፊት ለፊቱ ነበር።

"ሰይፈ!" ብሎ ጎንፋ ጮኸ።

መሪውን ጠመዘዘ። ፍሬኑ ዘገየ። ሚኒባሱ እርጥቡ አስፋልት ላይ ተንሸራቶ ከመንገዱ ወጣና የፊት ጎማው ከቦዩ በላይ ተንጠልጥሎ ቆመ። የጭነት መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ አለፈ። ለትንሽ ጊዜ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ ጮኹ።

"ሰክሯል! ሾፌሩ ሰክሯል!"

"ልጄን ልትገድልብኝ!" አለች ሕፃን ያዘለችው ሴት፤ ትከሻውን በቡጢ መታችው።

ማንም አልተጎዳም። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ዝናብ ላይ ሲቆም ሰይፈም ወረደ። ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ይቅርታ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ዕቃችሁን ላውርድላችሁ" እያለ ወደ ሚኒባሱ ጣራ የሚያስወጣውን ብረት ያዘ። አንድ እግሩን አነሳ። ሁለተኛውን ማንሳት አልቻለም። ጭቃው ላይ ተዘርግቶ ሲወድቅ ያቺ በቡጢ የመታችው ሴት ናት ቀድማ የደረሰችው። ግንባሩን ነካችና "ኧረ እሳት ነው! አልሰከረም፣ ታሟል እኮ ሰውየው" አለች።

ጎንፋ አንድ ፒክ አፕ አስቁሞ መቱ ሆስፒታል አደረሰው።

ኢብሴ ስትደርስ የድንገተኛ ክፍል አልጋ ላይ ነበር። በአንድ እጇ ሆዷን፣ በሌላው የአልጋውን ብረት ይዛ ቆመች። ሰይፈ ዓይኑን ገልጦ አያትና "ማን ነገረሽ?" አለ።

"ማን ነገረሽ ማለት ምን ማለት ነው? ሚስትህ አይደለሁም?"

ሐኪሙ ሆዱን ጫን ጫን አድርጎ አይቶ ፊቱ ተለወጠ። "ትርፍ አንጀቱ ፈንድቷል። ሕመሙ ድንገት ጠፋ ያለው ሲፈነዳ ነው። አሁኑኑ ቀዶ ጥገና ክፍል መግባት አለበት" አለ። ነርሷ ግሉኮሱን እያስተካከለች ሳለ ሰይፈ የኢብሴን ቀሚስ ያዘ።

"ወደ ኡካ ውሰዱኝ" አለ።

"ምን?"

"እናቴ ጋ። እዛ ይሻለኛል። አንቺ ጋ ከሆንኩ ሕፃኑን ይይዘዋል። ሳይይዘው ውሰዱኝ… እኔ ራሴ እሄዳለሁ፤ መኪና ብቻ ፈልጉልኝ።"

"ትርፍ አንጀት አይተላለፍም፣ ወንድሜ" አለች ነርሷ ሳቅ ብላ። ኢብሴ አልሳቀችም። ባሏ ከመባረሩ በፊት ለመሄድ የሚለምን ሰው መሆኑን በዚያች ደቂቃ አየች፤ ይህ ነገር ከየት እንደመጣ ግን አላወቀችም። አልጋው እየተገፋ ሲሄድ እስከ በሩ ተከተለችው። "ማንም የትም አይወስድህም! ሰማኸኝ? ሰይፈ!" አለች። መስማቱን እርግጠኛ አልነበረችም።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። መግሉ ሆዱ ውስጥ ተሰራጭቶ ስለነበር ከወጣም በኋላ ሐኪሙ "ትኩሳቱ እስኪወርድ ምንም ማለት አልችልም" አለ። ሰይፈ ለቀናት ሲቃዥ ሰነበተ። "ተሻለኝ፣ ተሻለኝ እኮ" ይላል፤ ደጋግሞ ይህንኑ።

እናቱ ከኡካ መጡ። ኢብሴ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጣ ጠየቀቻቸው።

"'ተሻለኝ' የሚለው ለማን ነው? ኡካ ውሰዱኝ ያለውስ ለምንድን ነው?"

ሙላቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፦ ቡና ነጋዴዎቹን፣ ሕፃኗን፣ ኩፍኙን፣ መንገድ ዳር የሚቀመጠውን ልጅ። "ዝናብ ሲጥል እንኳ አይገባም ነበር። ጎትቼ ነበር የማስገባው" አሉ። "ለኔ አልቅሶ አያውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ተሽሎኛል ብለሽ ላኪባቸው አለኝ። ላክሁባቸው። መልስ የለም።"

ኢብሴ ተነሳች። በዚያ ሆዷ፣ በዚያ ጭቃ፣ በቀጥታ ወደ እትዬ ዘውደነሽ ሱቅ ሄደች። እትዬ ዘውደነሽ ባንኮኒው ኋላ ተቀምጠው ነበር። የሰይፈን መታመም ሰምተው ስለነበር ገና ሲያዩዋት "እንዴት ሆነ ልጄ?" አሉ።

"ተሽሎኛል ይላል በቅዠቱ። እንዲመጡ ነው የሚጠብቀው። እርስዎን።"

እትዬ ዘውደነሽ የያዙት የስኳር መስፈሪያ ከእጃቸው ባንኮኒው ላይ ወደቀ። ሱቅ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፤ ነገሩ ያላማረው መሰለና ወጣ።

"ረስቶታል ብዬ ነበር" አሉ በመጨረሻ። "ሁሌ ሰላም ይለኛል። ዕቃዬን ይጭንልኛል።"

"ስላልረሳ ነው የሚጭንልዎት!" አለች ኢብሴ። ተመልሳ ሄደች።

ትኩሳቱ በወረደ ማግስት ከቀትር በኋላ እትዬ ዘውደነሽ ብርቱካን በፌስታል ይዘው መጡ። ሰይፈ ገና ድምፃቸውን ሲሰማ በክርኑ ተደግፎ ሊነሳ ሞከረ። ስፌቱ ያዘው።

"ኢብሴ፣ ወንበር ስጫቸው። እትዬ፣ በዚህ ዝናብ ምን አለፋዎት?"

"ተኛ፣ ተኛ በሞቴ። ሰይፈ… ስለዚያን ጊዜ…"

"ኧረ ምንም አይደል። የድሮ ነገር ነው፤ እኔ እንኳ ረስቼዋለሁ።"

"አልረሳኸውም" አለች ኢብሴ ከመስኮቱ አጠገብ። "ሰምቼሃለሁ።"

ሰይፈ ጣራውን አየ። ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሴት እጃቸውን ጭናቸው መሃል ከተው ይጠብቃሉ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሌላ በሽተኛ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

"ቅጠል አንጥፌ ነበር የምቀመጠው" አለ ሰይፈ። "ሱሪዬ እንዳይቆሽሽ። ቆሽሼ እንዳያዩኝ ብዬ። ለምን አልመጡም?"

እትዬ ዘውደነሽ ማልቀስ ጀመሩ፤ እሱ ግን እንደ ወትሮው አላባበላቸውም። ጠበቀ።

"መጀመሪያ ለትህትና ፈርቼ ነው" አሉ። "ከዚያ መዳንህን ሰማሁ። ያደታ ልሂድና ላምጣው አለ። ቆይ ያልኩት እኔ ነኝ። የራሴን ልጅ ሳቅፍ… ሌላ መጨመር ከበደኝ። ቆይ፣ ቆይ እያልኩ ዓመቱ አለፈ። ከዚያ ወዲያ በምን ፊት ልምጣ?"

"በኩፍኙ አልነበረም ማለት ነው።"

"አልነበረም።"

"ባልታመምም ትመልሱኝ ነበር።"

እትዬ ዘውደነሽ አንገታቸውን ደፉ። ሰይፈ ዓይኑን ጨፈነ። ያ የልጅነት ሕጉ፣ በሽታውን ደብቆ፣ ጎኑ ውስጥ መርዝ ፈንድቶ፣ የሰው ልጅ ጭኖ ከመንገድ እስኪወጣ ድረስ የነዳበት ሕግ፣ ከመጀመሪያውም ውሸት ነበር። ሲታመም አልነበረም የተጣለው። የሚሠራው ሥራ ሁሉ፣ የሚሸከመው ጆንያ ሁሉ ያንን ሊለውጥ አይችልም ነበር።

"አሁን ይሂዱልኝ" አለ።

"ሰይፈ ልጄ…"

"ይሂዱ አልኩ።"

እትዬ ዘውደነሽ ብርቱካኑን ወለሉ ላይ ትተው ወጡ። በሩ ተዘጋ። ሰይፈ በሕይወቱ ሰውን ሂድ ብሎ አያውቅም።

"ክፉ ተናገርኩ" አለ ለኢብሴ። "ጥሪያቸው። ሩቅ አልሄዱም።"

"አልጠራም።"

"ኢብሴ፣ በናትሽ…"

"አልጠራም። እኔም የትም አልሄድም። ተኛ።"

ሴት ልጃቸው በሰኔ መጨረሻ ተወለደች። ሰይፈ ስፌቱ ደርቆ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። በእትዬ ዘውደነሽ ሱቅ ፊት ለፊት ሲያልፍ አይቆምም፤ ጎንፋም አይጠይቀውም። ቤት ውስጥ ግን አሁንም ከሁሉ ቀድሞ ይነሳል። አንድ ጠዋት፣ ሕፃኗ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራ፣ ኢብሴ እንቅልፍ አጥታ፣ እሱ ደግሞ ጨርቁን ከእጇ ላይ "ስጪኝ፣ እኔ ላጥበው" እያለ ሲነጥቃት፣ ጮኸች፦

"ተወኝ! ለአንድ ቀን እንኳ ተወኝ! ከፊቴ ጥፋ!"

ሰይፈ ጨርቁን አስቀምጦ ወጣ። ቀትር ሆነ፣ አልተመለሰም። ስልኩ አይነሳም። ኢብሴ ልብሱ የሚቀመጥበትን ሳጥን ስትከፍት ሁለት ሸሚዝና ጃኬቱ የሉም። ሕፃኗን አዝላ ወደ መናኸሪያ ሮጠች። ጎንፋ ከሩቅ አያትና በአገጩ አመለከታት። ሚኒባሱ ከዋርካው ሥር ባዶውን ቆሟል። ሰይፈ መሪው ኋላ ተቀምጧል፤ ልብሱን የያዘ ፌስታል ጭኑ ላይ ነው። ሞተሩ ጠፍቷል።

በሩን ከፍታ ከጎኑ ተቀመጠች። ሕፃኗን ከጀርባዋ አውርዳ ታቀፈቻት።

"ወዴት ነው ጉዞው?" አለችው።

"አላውቅም። ጥፋ አልሽኝ።"

"አዎ፣ ብያለሁ። አሁንም ተናድጃለሁ። ነገም ልናደድ እችላለሁ። ተናድጄም ቤትህ እዚያው ነው።"

ሰይፈ ወደ ሕፃኗ አየ። ተኝታለች፤ አፏ ተከፍቷል። ፌስታሉን ከጭኑ ላይ አንስቶ ወደ ኋላ ወንበር ወረወረው።

"እኔም ተናድጄብሻለሁ" አለ ቀስ ብሎ።

"በምን?"

አሰበ። ቃሉ አፉ ውስጥ እንግዳ ሆኖበት እንደነበር ያስታውቃል። "ሁልጊዜ ጨው ታበዢያለሽ" አለ። "ከተጋባን ጀምሮ።"

ኢብሴ አፍጥጣ አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ ሕፃኗ ነቃች፣ ማልቀስ ጀመረች። ጎንፋ ከውጭ በሩን መታ መታ አድርጎ "የቡሬ ሰው ሞልቷል፣ ትሄዳለህ አትሄድም?" አለ።

"ዛሬ አልሄድም" አለ ሰይፈ። "ለሌላ መኪና ስጣቸው።"